ያልበላችው ጨው

«ፊቷን አይተኸዋል? ጨው ያቆመ ሰው እንዲህ ቲማቲም አይመስልም። ተደብቃ ትበላለች» አለች ማሪት። አሊዳ ከዓሣው መኪና ጀርባ ጎንበስ ብላ የሽንኩርት ሣጥን ልታነሳ ነበር፤ እጇ ሣጥኑ ላይ እንዳለ ቀረች። ምራቷ ከመኪናው ወዲያ በረዶ እየበተነች ነው የምታወራው። ድምፅዋ በቆርቆሮው በኩል ጥርት ብሎ ያልፋል። «ቀኑን ሙሉ በጨው የታሸ ሄሪንግ ዓሣ መሐል ቆማ እየዋለች አንዲት አትቀምስም? ማን ያምናል?» ልጇ ሳንደር ቶሎ አልመለሰም። አሊዳ ጠበቀች። ልጁ የሷ ነውና «እናቴ አትዋሽም» ይላል ብላ ጠበቀች። «ተይው ባክሽ» አለ በመጨረሻ። «በላችም አልበላችም ዓይኗ ሄዷል። ማታ ልደቴ ላይ ሥራውን እንድትተው እንነግራታለን። ሰው ፊት አትጮህም።»

ሰው ፊት አትጮህም! ይህ የተባለላት ሴት «አዲስ ሄሪንግ!» ስትል ድምፅዋ ከሮተርዳም ገበያ አልፎ ባቡር ጣቢያው ድረስ የሚሰማ፣ ዋጋ የሚከራከራትን ወንድ በአንድ ቃል ጆሮውን የምታቀላ ናት። ግን ልጇ አልተሳሳተም። አሊዳ ለገበያ እንጂ ለዘመድ ድምፅ የላትም። ዘመድ ፊት ሲሆን የሆዷን በሆዷ ይዛ ወደ ቤቷ የምትሄድ ሰው ናት፤ ይህን ጠባይዋን ደግሞ ከልጇ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ሰው አዋራጁን ራሱ ይወልዳል ማለት ነው። ሣጥኑን አነሳች፤ ምንም እንዳልሰማች ሆና ወደ ፊት ተመለሰችና ሽንኩርቷን መክተፍ ጀመረች። ሽንኩርት መልካም ነገር ነው፤ ዓይኗ እንባ ቢያቀርር የሚጠይቃት አልነበረም።

ሰኔ ስለሆነ ሰልፉ ረጅም ነው። አዲሱ ሄሪንግ የሚገባው በዚህ ወር ነው፤ ዓመት ሙሉ ዓሣ የማያስታውስ ሰው ሳይቀር ጅራቱን ይዞ፣ ቀና ብሎ፣ ወደ ጉሮሮው ሊያወርድ ይሰለፋል። ሄሪንግ ተቆርጦ አይጠብቅም፤ ገዢው ፊት ነው የሚበለተው። አሊዳ ጭንቅላቱን ትቆርጣለች፣ ሆዱን ትሰነጥቃለች፣ ቆዳውን ትገፋለች፣ አጥንቱን በአንድ ስባ ታወጣለች፤ ሁለት ሮዝ ሥጋ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህን ስትሠራ ፊቷ ወደ ገዢው እንጂ ወደ ቢላዋ አልነበረም፤ ድሮ። ሁለት ሳምንት ሆኗት ግን የግራ ዓይኗ መሐል ላይ እንደ ጣት አሻራ ያለ ግራጫ ነገር ተቀምጧል። ብትጠርገው አይለቅም። ቀኝ ዓይኗን ስትጨፍን የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ወገቡ ላይ ይጎብጣል። ለማንም አልተናገረችም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ከአፉ የዓሣ እሾህ አውጥቶ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠና «አሊዳ፣ ይህን ለማስታወሻ ልውሰደው?» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። በዚያው ቀን ማታ አውራ ጣቷን ቆረጠችው። ሳንደር ፕላስተሩን አይቶ ምንም አላለም፤ አሁን ሲገባት ዝምታው ሌላ ኖሯል።

ይሁን፤ ዓይን ይደክማል። ያንገበገባት እሱ አልነበረም፤ ጨው ትሰርቃለች መባሏ ነው። ሐኪም ቤት «ደም ብዛት አለብሽ፣ ጨው ተይ» ካሏት ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ቅንጣት በፈቃዷ አልቀመሰችም። ድንቹን ያለጨው ቀቅላ በላች። አይብ ተወች፤ አይብ የተወ የሆላንድ ሰው ምን ቀረው? ዳቦ ጋጋሪው ለሷ ብቻ ጨው የሌለው ዳቦ ለይቶ ይጋግራል፤ ስትገዛ «የአሊዳ ካርቶን ደረሰ!» ይላታል። ሄሪንግ ደግሞ፣ ይኸው ሄሪንግ፣ በጨው ታሽቶ የሚመጣው፣ በእጇ የሚያልፈው፣ ሽታው ፀጉሯ ውስጥ የሚያድረው፣ አንዱም ወደ አፏ አልሄደም። ገዢዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲውጡ ምራቋን ውጣ ሒሳብ ትቀበላለች። አፏ በጣም ሲያስቸግራት እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ትሰዳለች። እዚያ ድሮፕ አለ። ድሮፕ ያቺ ጥቁር፣ የምትለጠጥ ከረሜላ ናት፤ በዚህ አገር ሕፃንም ሽማግሌም በኪሱ የማያጣት። ሁለት ዓይነት ናት፣ ጨዋማና ጣፋጭ። አሊዳ ጠንቃቃ ናትና ጣፋጩን ብቻ ነው የምትበላው። ሳንደር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅምላ ቤት ትልቁን ከረጢት እየገዛ «በጨውሽ ፈንታ» እያለ ያቀብላታል።

«እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልቁረጥ፤ አንቺ ሒሳብ ተቀበይ» አለ ሳንደር፣ ከጎኗ መጥቶ። ሰልፈኛው ፊት ነው ያላት። እጁን ወደ ቢላዋ ዘርግቷል። አሊዳ ቢላዋን አየችው፣ እጁን አየችው፣ ከዚያ ቢላዋን ጠርጋ በመክተፊያ ሰሌዳዋ ላይ አጋደመችውና ሽርጧን መፍታት ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«መነጽር ቤት።»

«አሁን? ይሄ ሁሉ ሰው ቆሞ?»

«ዓይኗ ሄዷል አላልክም? ሄጄ ልፈልገው።»

ከሰልፉ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ቀልድ መስሏታል። ሳንደር አልሳቀም። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀላ። ማሪት የበረዶ አካፋዋን ይዛ ወደ መሬት አየች። አሊዳ ቦርሳዋን አንስታ፣ የድሮፕ ከረጢቷን ከሽርጡ ወደ ካፖርቷ አዛውራ፣ አደባባዩን አቋርጣ ሄደች። አዲስ መነጽር አድርጋ ተመልሳ ሁለቱንም በደንብ ልታያቸው አስባለች።

መነጽር ቤቱ ከገበያው ፊት ለፊት ነው። ዓይን የምትመረምረው ሻርዳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከናቷ ጋር እየመጣች ዓሣ የምትገዛ፣ ቤተሰቧ ከሱሪናም የመጣ፣ ፈገግታ የማያልቅባት ወጣት ናት። ዛሬም በፈገግታ ጀመረች። «እናቴ ካወቀች ነገ በነፃ ዓሣ አምጪ ትለኛለች፤ አገጭዎን እዚህ ያስደግፉ» አለች። በቀኝ ዓይን አሊዳ እስከ መጨረሻው መስመር አነበበች። በግራ ሲሆን ፊደሎቹ መሐላቸው እንደተበላ ብስኩት ሆኑ። ሻርዳ አንድ መስታወት ጨመረች፣ አነሳች፣ ሌላ ጨመረች። «አሁንስ?» «ያው ነው።» «አሁንስ?» «ያው ነው አልኩሽ የኔ ልጅ፤ ጎበዝ ከሆንሽ ወፍራሙን አምጪ።» ሻርዳ ወፍራሙን አላመጣችም። መብራቱን አጥፍታ የዓይኗን ውስጥ ፎቶ አነሳች፤ ስክሪኑን ስታይ ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

አሊዳ በዕድሜዋ የራሷን የዓይን ውስጥ አይታ አታውቅም። ብርቱካናማ ሜዳ ነው፤ ከአንድ ነጭ ክብ የሚነሱ ቀያይ ሥሮች ዙሪያውን ተዘርግተዋል። ቀኙ እንደዚያ ነበር። ግራው ላይ ግን ከሥሮቹ አንዱ አጠገብ ቀይ ጭረቶች ተረጭተዋል፤ የዓሣ ሆድ ሲሰነጠቅ ሰሌዳው ላይ እንደሚቀረው ደም። እዚህም እዚያም ጥጥ የመሰለ ነጭ ጠብታ አለ።

«መነጽር ብሸጥልዎ ሌባ ነኝ» አለች ሻርዳ። «መነጽር የሚያስተካክለው ነገር የለም። ይሄ ደም ነው። የሰው ደም ሥር ሳይቀደድ የሚታየው ዓይን ውስጥ ብቻ ነው፤ እኔ የማየው ዓይንዎን ብቻ አይደለም። እዚህ ሥሮቹ ከጠበቡና ከፈሰሱ፣ ልብዎም ኩላሊትዎም ጋ እንዲሁ እየተጨናነቁ ይሆናል። ደም ብዛት አለብዎት አይደል?»

«አለብኝ።»

«መድኃኒት?»

«አልፈልግም አልኩ። ጨው አቁሜያለሁ፣ ምግቤን ጠብቄያለሁ፣ ለምን እውጣለሁ ብዬ...»

«ጨው አቁመዋል?» አለች ሻርዳ፣ ወደ ስክሪኑ እያየች። ክፋት አልነበረባትም። ግን ቃሉ መጨረሻው ላይ ትንሽ ከፍ አለ፤ ያቺ ከፍታ አሊዳን እንደ መርፌ ወጋቻት። ሻርዳ ስልክ አንስታ ወደ ሐኪሟ ደወለች፤ «ዛሬውኑ፣ አሁን» ስትል ሰማቻት። አሊዳ የግራ ዓይኗን በመዳፏ ከድና ተቀመጠች። ፈራች። የፈራችው ሞትን አይደለም፤ ሞት የታወቀ ነገር ነው። የፈራችው ሳንደር ልክ ሆኖ እንዳይገኝ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ካልማ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። የደም ግፊት መለኪያውን የአሊዳ ክንድ ላይ ጠቀለለችና ለካች። ጠበቀችና እንደገና ለካች። በሌላው ክንድ ለካች። «ሁለት መቶ አሥር በመቶ አሥራ ስምንት» አለች። «ወይዘሮ አሊዳ፣ በዚህ ቁጥር ዓሣ ሲሸጡ መዋልዎ ይገርመኛል። ሻርዳ ምስሉን ልካልኛለች፤ እንደ እድል ሆኖ የዓይን ነርቭዎ አላበጠም፤ አብጦ ቢሆን አሁን በአምቡላንስ ነበር የምልክዎ።» ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገች፤ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። ሐኪሟ ገና አፏን ሳትከፍት ምን እንደምትል አሊዳ አወቀች። «አልቆጣም። እውነቱን ይንገሩኝ። የጨዉን ነገር...»

«በቃ!» አለች አሊዳ።

ገበያ የሚያውቀው ድምፅ ነው የወጣው። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሳል አቋረጠ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ካርቶን በልቻለሁ! ድንቼን ለአሳማ የማይሰጥ አድርጌ በልቻለሁ! ልጄ አያምነኝም፣ ምራቴ አታምነኝም፣ ያቺ ሕፃን መነጽር ሻጭ አታምነኝም፣ አሁን ደግሞ እርስዎ! ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማላችሁ! ጨው አልበላሁም። አልበላሁም! ከፈለጉ ደሜን ቀድተው ይቅመሱት!» ራሷን ለማብረድ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፣ አንድ ድሮፕ አፏ ውስጥ ጣለች፤ ከዚያ ጨዋ ሴት ናትና ከረጢቱን ወደ ሐኪሟ ዘረጋች። «ይውሰዱ። ስለጮህኩብዎ።»

ዶክተር ካልማ አልወሰደችም። ከረጢቱን አየች። አሊዳን አየች። እንደገና ከረጢቱን አየች።

«ይሄ ከረጢት ስንት ቀን ይቆይልዎታል?»

«ጣፋጩ ነው» አለች አሊዳ ቶሎ ብላ። «ጨዋማው አይደለም።»

«ገባኝ። ስንት ቀን?»

«ሁለት ቀን። ሥራ ሲበዛ አንድ ቀን ተኩል። ከዚያ ደግሞ መሐል ላይ ትንንሽ እገዛለሁ።»

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ዓመት።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። «ማታ ማታ ባትዎን ጨምድዶ ይይዝዎታል?» ብላ ጠየቀች። አሊዳ ደነገጠች፤ የባቷን ነገር ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ቆሞ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያመው ነበር የመሰላት። ዶክተር ካልማ ቀስ ብላ ነገረቻት። ድሮፕ የሚሠራው ከአንድ ጣፋጭ የተክል ሥር ጭማቂ ነው። ነገሩ ያለው ጨዉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ ነው። አንድ ሁለት ቢበሉት ምንም አይልም፤ በየቀኑ በእፍኝ ሲገባ ግን ኩላሊትን ያታልላል። ጨው ያልበላውን ሰው ጨው እንደበላ ያደርገዋል፤ ውሃውን ይዞ ያስቀርበታል፣ ጡንቻ የሚያስፈልገውን ፖታሲየም ይጠርግበታል፣ ግፊቱን ይሰቅልበታል። ጣፋጩም ጨዋማውም ያው ነው። «እርስዎ አልዋሹም» አለች ሐኪሟ። «ሳልጠይቅዎ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጨው፣ አልኮል፣ ሲጋራ ብዬ ጠየቅሁ፤ ከረሜላ ብዬ አልጠየቅሁም።»

አሊዳ አፏ ውስጥ ያለውን ድሮፕ መዋጥም መትፋትም አቃታት። በመጨረሻ በወረቀት ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ሰው በከረሜላ ይታወራል? ቀጥሎ የመጣባት ቁጣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከረጢቱን የሚያቀብላትን እጅ አሰበች። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል! ልጇ በገዛ እጁ ሲያጎርሳት ከርሞ ሌባ ስትባል ሰምቶ አለፈ። ከዚያ ደግሞ፣ ሳትፈልገው፣ ከረጢቱን ሲያቀብላት እንዴት ደስ እንደሚለው ትዝ አላት፤ ልጅ ሳለ ሥዕሉን ሲያሳያት እንደዚያ ነበር። ይህኛው ከቁጣው የባሰ አመማት።

ደሟ ተቀዳ። ክኒን ታዘዘላት፣ በሳምንቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ተያዘላት፤ ድሮፕ ከዛሬ ጀምሮ ቀረ። «ዓይኔ ይመለሳል?» አለች። «ግፊቱ ሲወርድ ደሙ ሊጠራ ይችላል። ወራት ይፈጃል። ሙሉ በሙሉ ላይጠራም ይችላል። ቃል አልገባልዎትም።» «ቢላዋ መያዙስ?» ዶክተር ካልማ የታሸገውን አውራ ጣቷን አየች። «በአንድ ዓይን ርቀት መለካት ይቸግራል። መጀመሪያ ግፊቱ ይውረድ፤ እስከ ቅዳሜ ይረፉ፣ ዓርብ ይምጡና እንለካለን። ሲመለሱ ቀስ ይበሉ። ሥጋ ቆራጮች የሚያደርጉትን የብረት ጓንት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ መቁረጥና መተው የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ እኔ ልጅዎ አይደለሁም።» አሊዳ ይህቺን ሴት ወደደቻት።

ወደ ገበያው አልተመለሰችም። ክኒኗን ከመድኃኒት ቤት ወስዳ፣ አንዱን እዚያው ውጣ፣ በትራም ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለት ክፍል ቤት ናት፤ በመስኮቱ በኩል መርከቦች የሚወጡበት ወንዝ በጠባቡ ይታያል። ጋደም ብላ ጣሪያውን አየች፤ በቀኝ ዓይኗ፣ ከዚያ በግራው፣ ከዚያ በሁለቱም። ስልኳ ጮኸ፤ ሳንደር ነው። አላነሳችም። እንደገና ጮኸ፤ አላነሳችም። ሰው ፊት አትጮህም የተባለችው ሴት ልቧ ውስጥ ሰው እየሰበሰበች፣ የምትለውን እየደረደረች፣ እያፈረሰች ቆየች። ልደቱ ላይ መቅረት ትችል ነበር። አሞኛል ብትል ማን ይወቅሳታል? ግን ከቀረች ነገሩ ያለ እሷ ያልቃል፤ ቅዳሜ ስትመጣ ሌላ ሰው ሰሌዳዋ ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። ተነስታ ታጠበች። የዓሣው ሽታ እንዲለቅ ፀጉሯን ሁለት ጊዜ አጠበችና ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች።

የሳንደር ሳሎን እንደማንኛውም የልደት ቀን ሳሎን ነው። ወንበር ሁሉ ግድግዳ ታክኮ በክብ ተደርድሯል፤ የሶፋው፣ የወጥ ቤቱ፣ ከበረንዳ የመጣው የሚታጠፈው ሳይቀር። መሐል ላይ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ኬክ፣ ለያንዳንዱ አንድ ቁራሽ ብቻ፤ በሹል እንጨት የተሰካ አይብ፣ ኦቾሎኒ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ድሮፕ። የገባ ሰው ሁሉ ክቡን ይዞራል፤ ለተወለደው ብቻ ሳይሆን ለእናቱም፣ ለሚስቱም፣ ለአጎቱም፣ ለጎረቤቱም እጅ እየጨበጠ «እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላል። ደንቡ ነው። አሊዳ ስትገባ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል። ሳንደር ከወንበሩ ብድግ አለ። «እማዬ፣ ስልክ ስደውል...» «እንኳን ተወለድክ» አለችውና ጉንጩን ስማው አለፈች።

ወንድሟ ሌንደርት አፉ በኦቾሎኒ ተሞልቶ እጇን ጨበጠ። «ለልጅሽም እንኳን ደስ አለሽ፣ ለዕረፍትሽም እንኳን ደስ አለሽ!» አላት። «ለምኔ?» አለች። «ለዕረፍትሽ! ልትቀመጪ ነው አይደል? ይገባሻል፣ ደክመሻል።» ከጎኑ ያለችው የማሪት እናት ፈጥና «እንኳን ደስ አለሽ የኔ እመቤት፣ አሁን ትንሽ ዓለም ታያለሽ» አለቻት። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ሚስትም፣ የማሪት እኅትም እንዲሁ። ሁሉም ያውቃሉ! ከሷ በቀር ክቡ በሙሉ ያውቃል። አሊዳ እጅ እየጨበጠች፣ «እሺ፣ እሺ» እያለች ዞራ ጨረሰችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የወጥ ቤቱ ወንበር ነበር። ኬክ ሰጧት። ስለ አየሩ ተወራ፤ ሄሪንግ ዘንድሮ ተወደደ ተባለ፤ ሌንደርት በሱ ጊዜ በዚህ ዋጋ ጀልባው ራሱ ይገዛ ነበር አለ። ማሪት ሳንደርን በክርኗ ነካ አደረገችው። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ሁላችን...»

«እኔ ልጀምር» አለች አሊዳ።

አልጮኸችም። ግን ድምፅዋ የገበያው ነበር፤ ዝቅ ብሎም ቢሆን የገበያው። «ዛሬ ዓይኔን ታየሁ። ግራው ውስጥ ደም ፈሷል። ከደም ብዛት ነው። ይጠራ ይሆናል፣ ላይጠራም ይችላል። ይሄን ከማንም በፊት እኔ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ሁለተኛው፤ ጨው ትበላለች ተብያለሁ።» ማሪት አንገቷ ቀላ። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ ይባላል። እኔ ደግሞ ጨው አልበላሁም ብዬ ነው የተጣልኩት። ሦስት ዓመት ከአፌ አላስገባሁም። ደሜን የሰቀለው ሌላ ነው፤ ሐኪሟ ዛሬ ነው የደረሰችበት። ያ ነው።» በአገጯ ወደ ጎድጓዳው ሳህን አመለከተች። «ድሮፕ። ጣፋጩም ያው ነው። ሥሩ ነው የሚሠራው። በቀን ግማሽ ከረጢት ስበላ ነበር።»

ሌንደርት እጁን ወደ ሳህኑ ዘርግቶ ነበር። ጣቶቹ ከረሜላው ላይ ደርሰው ቆሙ። ራሱም የደም ብዛት ክኒን የሚውጥ ሰው ነው። ቀስ ብሎ እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። በሌላ ቀን ቢሆን ክቡ በሙሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማሪት ዞር ብላ ባሏን አየችው። ከዚያ ሁሉም፣ ሳያስቡት፣ ሳንደርን አዩት። ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«እኔ ነኝ የማመጣላት» አለ። «በየሳምንቱ። እኔ ነኝ።»

«አዎ፣ አንተ ነህ» አለች እናቱ። «ወደኸኝ ነው ያመጣኸው፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የበላሁት። ማናችንም አላወቅንም። እሱን እስከ መቃብሬ አልቆጥርብህም፣ ይሰማሃል? ደግመህ እንዳታነሳው። የምቆጥርብህ ሌላ ነው። ጠዋት ከመኪናው ጀርባ ነበርኩ። ምራቴ ብትጠረጥረኝ ያው ምራት ናት፤ አንተ ግን "እናቴ አትዋሽም" የሚሉት ሁለት ቃል ከአፍህ አልወጣም። ሳትጠይቀኝ ሌባ አደረግኸኝ፤ ሳትጠይቀኝ ጡረታ አወጣኸኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ጠየቅህ፤ እኔን ብቻ።»

«ፈርቼ ነው» አለ ሳንደር። ድምፁ እንደ ሕፃን ልጅ ቀጥኖ ነበር። «ጣትሽን ያየሁ ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ቀን እጅሽን ትቆርጪዋለሽ ብዬ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች አሊዳ። «ዛሬ እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኜ ዓይኔን በመዳፌ ከድኜ ፈርቻለሁ። ፈራን ብለን አንድ ሰው ጎትተን ጥግ እናስቀምጣለን? ሐኪሟ ዓርብ ትለካኛለች። ከወረደልኝ ቅዳሜ ሰሌዳዬ ላይ ነኝ፤ ካልወረደ በሚቀጥለው ቅዳሜ። ቀስ ብዬ እቆርጣለሁ። የብረት ጓንትም አደርጋለሁ፤ ያዘዘችኝ ሐኪሟ ናት እንጂ እናንተ አይደላችሁም። እሾህ ያገኘ ሰው ለኔ ይንገረኝ። ቢላዬን የማስቀምጥበት ቀን ሲመጣ ደግሞ በራሴ አፍ እነግራችኋለሁ፤ ያን ቀን ኬኩን እኔ እገዛለሁ።»

ሳህኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሳች። የምትሄድ መስሏቸው የማሪት እናት ቦርሳዋን ልታቀብላት እጇን ዘረጋች። አሊዳ ግን ቦርሳውን አልተቀበለችም፤ የተዘረጋውን እጅ ጨበጠችው። «አላረፍኩም» አለቻት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት «እሺ» አለች። አሊዳ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈችና እጇን ዘረጋች። ጎረቤቱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጨበጣት። «አላረፍኩም።» «አይ፣ ይቅርታ፣ እኛ እንኳን እንደሰማነው...» «አሁን ሰማህ።» ቀጠለች። የጎረቤቱን ሚስት፣ የማሪትን እኅት፣ አንድ በአንድ፣ ወንበር ሳትዘል። ሌንደርት እጇን ለቀቅ ሳያደርግ «ዱሮም ደረቅ ነሽ» አላት። «ካንተ ነው የወረስኩት» አለችው። ማሪት ዘንድ ስትደርስ ማሪት ቀድማ ተነሳች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። አሊዳ እጇን ጠበቅ አድርጋ ይዛ «አላረፍኩም» አለቻትና አለፈች። ለሷ የሚሆን ሌላ ቃል ዛሬ አልነበራትም፤ የሌላትን ደግሞ ማስመሰል አልፈለገችም።

መጨረሻ ላይ ሳንደር ቀረ። ቆሞ ይጠብቃታል፤ ትከሻው ወርዷል። እጇን ዘረጋችለት፤ ፕላስተሩ ያለበትን። በሁለት እጁ ያዘው፤ እንዳያማት ተጠንቅቆ።

«እናቴ አትዋሽም» አለ፣ ክቡ በሙሉ እንዲሰማ አድርጎ።

ዘግይቷል። ቢሆንም አሊዳ እጇን አላስለቀቀችም፤ ቃሉን እስኪደግመው ድረስ ጠበቀች።